«ቢኮዝ»፣ «ዱ ቱ» ወይስ «ዜርፎር»? ምክንያትና ውጤትን በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ የንጽጽር መመሪያ

ምክንያትና ውጤትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ለማግኘት ማንም አይቸገርም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ላይ አለ፣ አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በተዘጋጀ መለማመጃ መጽሐፍ ጀርባ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይም ሲለጠፍ ይውላል። ችግሩ ዝርዝሩ ሁሉንም በአንድ አምድ ደርድሮ ከጎናቸው «ምክንያቱም» ወይም «ስለዚህ» ብሎ ማለፉ ነው። እንዲህ ሲደረደሩ አንዱን አንስቶ በሌላው ቦታ ማስቀመጥ የሚቻል ይመስላል። አይቻልም።

ይህን የምጽፈው ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ተቀምጦ ኢሜይል ሲልክ ለሚውል፣ ካዛንቺስ ለአንድ ድርጅት የወር ሪፖርት ለሚያዘጋጅ፣ ስድስት ኪሎ የጥናቱን ረቂቅ ይዞ ከአማካሪው ቢሮ ለሚወጣ ሰው ነው። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ማረም ስለሆነ ቀይ እስክሪብቶ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቃሉ ላይ ሳይሆን ከቃሉ ቀጥሎ በመጣው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ «የትኛው ቃል ያምራል?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆዩት። መጀመሪያ የሚጠየቁት ሁለት ናቸው፤ ከቃሉ በኋላ የሚመጣው ምንድን ነው? ደግሞስ ምን ያህል እርግጠኛ ሆናችሁ ነው ምክንያቱ ይህ ነው የምትሉት?

መጀመሪያ አማርኛችሁን ፍቱ

«ቢኮዝ» ከኋላው ባለቤትና ግስ ያለው ሐሳብ ይፈልጋል። «ቢኮዝ ኦፍ» እና «ዱ ቱ» ስም ይፈልጋሉ። ይህንን ያልተማረ የለም፤ ሆኖም በየቀኑ ይሳሳቱበታል። ምክንያቱ ያለው እንግሊዝኛው ውስጥ ሳይሆን አማርኛችን ውስጥ ይመስለኛል።

መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ዙሪያ ያሉ መንገዶች ይዘጋሉ እንበል። «ደመራ ስለሚከበር መንገዱ ይዘጋል» ካልን «ስለ» ግሱ ላይ ተጣብቋል፤ ይህ «ቢኮዝ» ነው፣ ከኋላውም ሙሉ ሐሳብ ይከተለዋል። «በደመራው ምክንያት መንገዱ ይዘጋል» ካልን ደግሞ «ምክንያት» ያረፈው ስም ላይ ነው፤ ይህ «ቢኮዝ ኦፍ ደመራ» ነው። እስከዚህ ሰላም ነው። ጣጣው ሦስተኛው ነው፤ «ደመራ በመከበሩ ምክንያት»። የቢሮ አማርኛ ደግሞ ይህንን ቅርጽ እጅግ ይወዳል፤ «ሠራተኛው በመታመሙ ምክንያት»፣ «ዕቃው በወቅቱ ባለመድረሱ የተነሳ»፣ «በጀቱ ባለመለቀቁ»።

«መታመም» በቅርጹ ስም ነው፤ ማን እንደታመመ ግን መጨረሻው ላይ ያለችው ቅጥያ ትነግረናለች። ጸሐፊው «ምክንያት» የሚለውን ሲያይ እጁ «ቢኮዝ ኦፍ» ይጽፋል፣ ወዲያው «ሂ» የሚለው ባለቤት ይመጣበታል። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው «ቢኮዝ ኦፍ ሂ ዋዝ ሲክ» ነው። የሥራ ልምድም ዲግሪም ያላቸው ሰዎች ሪፖርት ውስጥ ብዙ የማገኘው ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገር በፊት አማርኛውን ወደ አንዱ ወገን መግፋት ነው። «በመታመሙ ምክንያት» የሚለውን ወይ «ስለታመመ» በሉት፣ ወይ «በሕመሙ ምክንያት»። የመጀመሪያው «ቢኮዝ ሂ ዋዝ ሲክ» ይሆናል፣ ሁለተኛው «ቢኮዝ ኦፍ ሂዝ ኢልነስ»። «ዕቃው ባለመድረሱ» ለሚለው ስም ፈልጋችሁ ካጣችሁ «ዲሌይ» የምትለዋን አስቧት፤ «ዱ ቱ ኤ ዲሌይ ኢን ዴሊቨሪ»። ስም ማግኘት የጨነቀው ሰው የሚሸሸግበት «ዱ ቱ ዘ ፋክት ዛት» የሚባል ሐረግም አለ። ስሕተት አይደለም፣ ግን አምስት ቃል አባክኖ «ቢኮዝ» ማለት ነው። ሳገኘው እሰርዘዋለሁ።

አማርኛ ያለ ምንም አያያዥ ምክንያት መናገር እንደሚችልም አትርሱ። «ታምሜ ነው የቀረሁት»፣ «ታክሲ ጠፍቶ ነው» ስንል «ስለ»ም «ምክንያት»ም የለም፤ ግሱ ራሱ ሥራውን ይሠራል። ይህ ቅርጽ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ብዙ ጊዜ አያያዡ ሳይመጣ ይቀራል። «አይ ዋዝ ሲክ፣ አይ ዲድንት ካም» ብሎ ለአለቃ የሚላክ መልእክት ሁለት ዓረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ የተሰፋበት ነው። እዚያ መካከል «ሶ» ይግባ።

ሌላው ከአማርኛ የሚመጣ ነገር ድርብርብ ምክንያት ነው። «የዘገየንበት ምክንያት መንገድ ስለተዘጋ ነው» ማለት ለእኛ ደንበኛ አነጋገር ነው። በእንግሊዝኛ «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» ይሆናል። እንግሊዞችም በንግግር ይሉታል፤ በፈተናና በሪፖርት ላይ ግን አራሚ ስለሚይዘው «ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት» ብላችሁ እለፉት።

«ቢኮዝ» ከአሉታ ጋር ሲገናኝም ይጠንቀቁት። «ዘ ፕሮጀክት ዲድንት ፌይል ቢኮዝ ዘ በጀት ዋዝ ሌት» የሚለውን አንድ ሰው «በጀቱ ዘግይቶ እንኳ አልከሸፈም፣ እንዲያውም መዘግየቱ አዳነው» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ሌላው ደግሞ «ከሽፏል፣ ግን በበጀት መዘግየት አይደለም» ይላል። አማርኛው «በጀቱ ስለዘገየ አልከሸፈም»ም ያው ነው፤ እኛ የምናመልጠው «የከሸፈው በጀቱ ስለዘገየ አይደለም» ብለን ቦታ በማለዋወጥ ነው። በእንግሊዝኛም ማምለጫው ያው ነው። መክሸፉን ከፊት፣ አሉታውን ከምክንያቱ አጠገብ አድርጉ።

«ዱ ቱ» እና ዘመዶቹ

የድሮ ሰዋስው መምህራን «ዱ ቱ» መምጣት ያለበት «ኢዝ» ወይም «ዋዝ» ከሚለው በኋላ ብቻ ነው ይሉ ነበር፤ «ዘ ዲሌይ ዋዝ ዱ ቱ ትራፊክ» ትክክል፣ ዓረፍተ ነገር በ«ዱ ቱ» መጀመር ግን ነውር። ዛሬ ሕጉ ላልቷል፣ ጋዜጣውም መጽሐፉም በሁለቱም መንገድ ይጽፈዋል። ጥብቅ አማካሪ ከገጠማችሁ ግን ከ«ኢዝ» እና «ዋዝ» ውጭ ካለ ግስ በኋላ ምክንያት ስትናገሩ «ቢኮዝ ኦፍ» ተጠቀሙ፤ እዚያ ቦታ ማንም አይወቅሳችሁም።

ከሰዋስው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ድምፀቱ ነው። «ዱ ቱ» የማስታወቂያ ቃል ነው። ሊፍት በር ላይ በፕላስተር የሚለጠፈው «ዱ ቱ ሜይንቴናንስ…» የሚለው ወረቀት ማንም ሰው የለበትም፤ ይቅርታ የሚጠይቅም፣ የሚወቀስም የለም። ለማስታወቂያ ይህ ተስማሚ ነው። ለሥራ ባልደረባ ግን «ዱ ቱ አዘር ኮሚትመንትስ አይ ካንኖት አቴንድ» ብሎ መጻፍ በር እንደ መዝጋት ይቆጠራል። «አይ ካንት ካም ቢኮዝ አይ ሃቭ አናዘር ሚቲንግ» ቢባል ይሻላል፤ ያው መልእክት ነው፣ ግን የሚናገር ሰው አለው።

«ኦዊንግ ቱ» ትርጉሙ ያው ሆኖ ያረጀ ነው። ማንበብ እወቁት፣ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። «ታንክስ ቱ» ለመልካም ውጤት ነው፤ ጋዜጠኞቻችን «ምስጋና ለእገሌ ይግባውና» እንደሚሉት። ለመጥፎ ነገር ከዋለ ሽሙጥ ይሆናል። «ታንክስ ቱ ዘ ፓወር ከት» ብሎ ሪፖርት ላይ የጻፈ ሰው ሳያስበው አሽሟጧል።

«ሲንስ» እና «አዝ»፦ ጊዜም ምክንያትም

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ ጀመረ። አንድ ተማሪ ስለዚያ ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሩን «ሲንስ ዘ ትሬይን ስታርትድ» ብሎ ከፈተው እንበል። አንባቢው ሁለት ነገር ሊሰማ ይችላል፤ «ባቡሩ ከጀመረ ወዲህ» ወይም «ባቡሩ ስለጀመረ»። በመጀመሪያው ተማሪው የሚናገረው ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው የታክሲ ተሳፋሪ መቀነስ ካለ ባቡሩ ነው ያመጣው እያለ ነው። የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። አማርኛ «ወዲህ» እና «ስለ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ስላሉት እኛ ግራ አንጋባም፤ የእንግሊዝኛው አንባቢ ግን ይጋባል። ስለዚህ ጥናት ላይ «ሲንስ»ን ለጊዜ ብቻ አስቀሩት። አንዳንድ የአካዳሚክ አጻጻፍ መመሪያዎችም ይህንኑ ይመክራሉ።

«አዝ» ከዚህ ይብሳል። «አዝ ዘ ባስ ስቶፕድ፣ ሺ ጎት አፕ» ሲባል አውቶቡሱ ሲቆም ነው ወይስ ስለቆመ ነው የተነሳችው?

ሁለቱም በምክንያትነት የሚያምሩበት ቦታ ግን አለ፤ አንባቢው ምክንያቱን አስቀድሞ ሲያውቀው። «ሲንስ ዩ አር ካሚንግ ቪያ ፒያሳ፣ ሰነዱን አንሺልኝ» ስትሉ መንገዷን እሷም እናንተም ታውቃላችሁ፤ አዲሱ ነገር ልመናው ነው። ምክንያቱ ራሱ አዲስ ዜና ከሆነ «ቢኮዝ» ይሻላል። አጭር ፈተና ልስጣችሁ፤ «ለምን?» ተብላችሁ ስትጠየቁ በ«ቢኮዝ» መመለስ ይቻላል፣ በ«ሲንስ» ወይም በ«አዝ» ግን አይቻልም።

«ሶ»፣ «ዜርፎር» እና ሰረዙ

እዚህ ላይ የእኛ ሥርዓተ ነጥብ ይረዳናል። «ሶ» ሁለት ሐሳብ ማያያዝ ይችላል፤ ከፊቱ ነጠላ ሰረዝ ይበቃዋል። «ዜርፎር» ግን በነጠላ ሰረዝ ሁለት ሐሳብ ማያያዝ አይችልም። ከፊቱ ድርብ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብ ይፈልጋል፤ «ስለዚህ» ከሚለው ቃል ፊት እኛ ጥሩ ስንጽፍ እንደምናደርገው። «አዝ ኤ ሪዘልት» እና «ኮንሲክወንትሊ»ም እንደዚያው ናቸው። ሰዎች «ሶ» ተራ ቃል መስሏቸው ሰርዘው በቦታው «ዜርፎር» ሲያስገቡ ነጠላ ሰረዟን ሳይቀይሩ ያልፋሉ፤ ትክክል የነበረ ዓረፍተ ነገር በማስዋብ ተበላሸ ማለት ነው።

በ«ዜርፎር» እና በ«አዝ ኤ ሪዘልት» መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅለን እንሞክር። «ቸርችል ጎዳና ተዘጋ። አዝ ኤ ሪዘልት፣ ታክሲዎቹ በሜክሲኮ ዞሩ።» እዚህ አንድ ነገር ሆነ፣ ያ ሌላ ነገር እንዲሆን አደረገ። «የጠየቅነው ሠላሳ ባለሱቅ ብቻ ነው። ዜርፎር፣ ውጤቱ መላውን ከተማ ይወክላል ማለት አንችልም።» እዚህ የሆነ ነገር የለም፤ በማሰብ የተደረሰበት መደምደሚያ ነው። ቦታቸውን ብታለዋውጡ ሰው ይረዳችኋል፣ ግን የተማረ አንባቢ ጆሮው ይቆማል።

«ኮንሲክወንትሊ» ኮት የለበሰ «አዝ ኤ ሪዘልት» ነው። «ሰብሲክወንትሊ» ከሚለው ጋር አትቀላቅሉት፤ እሱ «ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ» ማለት ብቻ ነው፣ ምክንያት የለበትም። «ሄንስ» («ከዚህ የተነሳ») የሚጥመኝ በአንድ ቦታ ነው፤ ከኋላው ስም ብቻ ሲመጣ። የጅቡቲው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ፣ ጣቢያው በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ተባለ፤ «ሄንስ ዘ ኔም ለገሃር»። ከዚህ ውጭ «ሄንስ» አንባቢን ለማስደመም የሚገባ ነው። «ዛስ»ንም («ስለሆነም») በጥናት ጽሑፍ በልክ ተጠቀሙበት።

«ቢኮዝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ መካከል ላይ «ሶ» አትጨምሩ፤ አንዱ ይበቃል። «ሶ» እና «ሶ ዛት»ንም ለዩ። አማርኛችሁ «ስለዚህ» ካለ «ሶ» ነው፤ «እንዲያልፉ»፣ «እንዲደርስ» ካለ ግን ዓላማ ስለሆነ «ሶ ዛት» ነው።

ግሶቹ፦ ምን ያህል እርግጠኛ ናችሁ?

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወድቀውም የሚያልፈውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሆኖም ዝርዝሮቹ ለግሶች የሚሰጡት ቦታ ጥቂት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ነጋዴዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አንድ ተማሪ ከተዛወሩት መካከል ጥቂቶቹን በመጠይቅ ጠይቆ ብዙዎቹ ገቢያቸው መቀነሱን ነገሩት እንበል። «ዘ ሪሎኬሽን ኮዝድ ዘ ዲክላይን» ብሎ ቢጽፍ ፈታኙ ወዲያው ይይዘዋል። የዋጋ ንረትስ? ወቅቱስ? ቦታ ያልቀየሩትስ እንዴት ሆኑ? «ኮዝ» ይህንን ሁሉ መርምሬ ሌላውን አስወግጃለሁ የሚል ሰው ቃል ነው። መጠይቅ ብቻ የያዘ ሰው «ሜይ ሃቭ ኮንትሪቢዩትድ ቱ» ይበል፤ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን ብቻ ከሆነ የሚያውቀው «ዋዝ አሶሺዬትድ ዊዝ» አለለት። አማርኛም ይህ ደረጃ አለው፤ «አስከተለ»፣ «አስተዋጽኦ አደረገ»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ ታየ»። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ «አስተዋጽኦ» ለእኛ ወደ መልካም ያደላል፣ «ኮንትሪቢዩት ቱ» ግን ለጥሩም ለመጥፎም ይሆናል።

«ኮዝ» ራሱ ወደ መጥፎ ያዘነበለ ነው፤ «ለችግር ዳረገ» ከሚለው ግሳችን ጋር ይቀራረባል። ጉዳት፣ በሽታ፣ መዘግየት ያመጣል። «ኮዝድ ሳክሰስ» ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል። ለመልካም ውጤት «ሊድ ቱ» ወይም «ብሪንግ አባውት» ውሰዱ።

«ሪዘልት ኢን» እና «ሪዘልት ፍሮም» አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። «ፍሮም» የእኛው «ከ» ስለሆነ ከኋላው የሚመጣው ምንጩ፣ ማለትም ምክንያቱ ነው። «ኢን» ካለ ከኋላው ውጤቱ አለ። ይህን አንዴ ከያዙት አይስቱትም።

«አፌክት» ግስ ነው፣ «ኢፌክት» አብዛኛውን ጊዜ ስም ነው፤ በአነባበብ ስለሚቀራረቡ ይምታታሉ። እኛ «በ…ላይ ተጽዕኖ አሳደረ» ስለምንል «አፌክትድ ኦን» እንጽፋለን። «ኦን» የሚፈልገው ስሙ ነው፤ «ሃድ አን ኢፌክት ኦን»። ግሱ በቀጥታ ያርፋል።

አማርኛ ሌላ ሰውን ማስደረግን በ«አስ» ቅጥያ ይጨርሰዋል፤ «አስለቀሰኝ»፣ «አስጠበቀኝ»። በእንግሊዝኛ «ሜድ ሚ ዌይት» ይሆናል፣ «ቱ» ሳይገባ። «ኮዝድ ሚ ቱ ዌይት» ሲሆን ግን «ቱ» ግድ ነው። ደግሞ «አስ» ሁልጊዜ ማስገደድ አይደለም። «ጥበቃው አስገባኝ» ያለ ሰው ፈቀደልኝ ማለቱ ነው፤ ያ «ሌት ሚ ኢን» ነው። «ሜድ ሚ ኢንተር» ካላችሁ ጥበቃው አንገታችሁን ይዞ ጎትቷችኋል።

ለየትኛው ጽሑፍ የትኛው?

ለዕለት ተዕለት ኢሜይል «ቢኮዝ» እና «ሶ» ይበቃሉ። ቀላል ቃል መጠቀም ያልተማረ አያስመስልም፤ በተለይ ተቀባዩ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ የውጭ ሰው ከሆነ ያመሰግናችኋል። በማመልከቻ ላይ የቀድሞ ሥራችሁን ለምን እንደለቀቃችሁ መጻፍ ካለባችሁ «ቢኮዝ ዘ ኮንትራክት ኤንድድ» ግልጽ ነው፤ «ዱ ቱ ሰርተይን ሪዝንስ» ግን የተደበቀ ነገር ያለ ያስመስላል።

አይልትስ ለምትፈተኑ፦ ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል፣ የሚመከረውም 40 ደቂቃ ነው። በዚያች አጭር ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በ«ዜርፎር»፣ በ«ኮንሲክወንትሊ»፣ በ«አዝ ኤ ሪዘልት» መክፈት ነጥብ አያስጨምርም። መመዘኛው አያያዦች በዘፈቀደ፣ እንደ ማሽን ሲደረደሩ እንደ ጉድለት ያያቸዋል። ይልቅ ምክንያቱን አንዴ በአያያዥ፣ አንዴ በግስ ግለጹት፤ አንድ ቦታ «ቢኮዝ»፣ ሌላ ቦታ «ሊድ ቱ»፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ምንም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግንኙነታቸው ከታየ አያያዥ አያሻቸውም።

ጥናት ለምትጽፉ፣ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ላይ የመፈለጊያውን ሳጥን ክፈቱና «ኮዝ» የሚለውን ግስ እያንዳንዱን ቦታ ተመልከቱ፤ ማስረጃ የሌለበትን ወደ «ኮንትሪቢዩት ቱ» አውርዱት። ከዚያ «ኦፍ» ያለበትን «ቢኮዝ» ሁሉ ፈልጉ፣ ከኋላው «ሂ»፣ «ሺ»፣ «ዜይ» ካለ አስተካክሉ። በመጨረሻ «ሊድ ቱ»ን እዩ። የኃላፊ ጊዜው «ሌድ» በሦስት ፊደል ነው የሚጻፈው፤ እርሳስ ከሚባለው ብረት ስም ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው በአራት ፊደል ይጽፈዋል። ሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ ስላሉ የፊደል ማረሚያው ቀይ መስመር አያሰምርበትም፤ በዓይናችሁ ነው የምትይዙት።